ሜዳው በየትኛው ኪስ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃችሁ የት ነው የሚጫወተው?

አርባ ምንጭ ለምትኖሩ ጥያቄው ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። አባያና ጫሞ ከግርጌ ተንጣልለዋል፣ የእግዜር ድልድይ መሃላቸው ገብቷል፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ከከተማዋ ጫፍ ይጀምራል። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ በሲቀላ በኩል ደኑን ሰንጥቆ ያልፋል። ስሟን ያወጡላት ምንጮችም ከገደሉ ሥር ዛሬም ይፈልቃሉ። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጦ መዝናኛ ጠፋ የሚል ሰው ምን ይባላል? ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የሚመጣው እንግዳ እኮ የሚመጣው ለመዝናናት ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ሐይቆቹ አዞና ጉማሬ አለባቸው። ፓርኩ በር አለው፤ በሩ ላይ ትኬት ይቆረጣል፤ ከትኬቱም በላይ መኪና ይጠይቃል። ሴቻ አፋፍ ላይ ያሉት ሎጆችና ሪዞርቶች ዕይታውን ከማኪያቶ ጋር ያቀርቡላችኋል። ዕይታው ለእኛ ያጠግባል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ዕይታ ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈልገው ኳስ የሚመታበት፣ እህቱ ገመድ የምትዘልበት፣ እናት ከደጃፍ ሆና ስትጣራ ድምፅዋ የሚደርስበት ቦታ ነው። የልጅ መዝናኛ የሚለካው በእግሩ ነው። ብቻውን ሄዶ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ብቻውን የሚመለስበት ርቀት ላይ ካልሆነ ለእሱ የለም።

በዚህ መለኪያ ስትሄዱ ብዙ የሲቀላና የሴቻ ልጅ የሚጫወተው መንገድ ላይ ነው። ባጃጅ ሲመጣ ጎል የተደረገውን ድንጋይ ያነሣል፤ ባጃጁ ሲያልፍ ይመልሰዋል። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል።

ነገሩን በሰኔ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሰኔ 30 የመንግሥት የበጀት ዓመት ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይከፈታል። የከተማው ካቢኔ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት አሰናድቶ ለከተማው ምክር ቤት የሚያቀርበው፣ አባላቱም እጅ አውጥተው የሚያጸድቁት በዚሁ ሰሞን ነው። የልጃችሁ መንገድ፣ የልጃችሁ ትምህርት ቤትና የልጃችሁ ሜዳ በአንድ ጥራዝ ተሰፍተው፣ በአንድ ስብሰባ ይወሰናሉ። በየቤታችን ስለ ዩኒፎርምና ስለ ደብተር ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ ስለዚያ ጥራዝ የሚጠይቅ ጎረቤት ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

“ከተማም እንደ ቤት ነው፤ ገቢውን አይቶ ወጪውን ይመጥናል” ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ ደስ ይላል እንጂ እውነት አይደለም። ቤት ውስጥ ገንዘቡ የባል፣ የሚስት ተብሎ ቢለያይ እንኳ ሽንኩርት ሲያልቅ ይገናኛል። የከተማ ኪሶች ግን እንዲህ በቀላሉ አይገናኙም። ይህን ካወቃችሁ ስለ ከተማችሁ የሚገርማችሁ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

የመጀመሪያው ኪስ የክልሉ ነው ብንል አንሳሳትም። ትምህርት፣ ጤናና መሰል አገልግሎቶችን ከተማው የሚያከናውነው በክልሉ ኃላፊነት ሥር ነው። ገንዘቡም በዋናነት ክልሉ በቀመር ከሚያከፋፍለው ጥቅል በጀት ይመጣል። ክልሉ በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው፤ ገና ወንበሩን እያስተካከለ ያለ ክልል።

ሁለተኛው ኪስ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ ገበያ፣ ቄራ፣ መናፈሻና መካነ መቃብር እዚህ ይገባሉ። ይህን ኪስ የሚሞላው ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ነው። የመሬት ሊዝ፣ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ከገበያና ከመናኸሪያ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ወደዚያ ይገባል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱት የከተሞች ልማት ፕሮግራሞች የታቀፉ ከተሞች ደግሞ ለመሠረተ ልማት ተጨማሪ ገንዘብ አግኝተዋል፤ አርባ ምንጭም አንዷ ናት። በየሰፈሩ የምትረግጡት ኮብልስቶን የዚህ ዘመን ልጅ ነው።

ከመንገዱ እንጀምር፤ ምክር ቤቶች ራሳቸው ከመንገድ መጀመር ይወዳሉና። መንገድ ይታያል፤ ሪባን ይቆረጥበታል፤ በሪፖርት ላይ “ይህን ያህል ኪሎ ሜትር” ተብሎ ይጻፋል።

አርባ ምንጭን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት አንድ ነገር አለ። እሷ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከብርዳማዋ ጨንቻ ወደ ቆላው ሲወርድ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች ሆነው ተቆረቆሩ። መሃላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፤ ለሚወጣው ደግሞ ዳገት። መሥሪያ ቤቱ ላይ፣ ንግዱ ታች ሆኖ ኖረ። ዛሬ ከተማው ሴቻ፣ ሲቀላ፣ ነጭ ሣርና አባያ በሚባሉ አራት ክፍለ ከተሞች ይተዳደራል፤ በ1999 ቆጠራ 74,879 የነበረው ሕዝብም ጨምሮ ጨማምሯል። ይህ መልክዓ ምድር በጀት ላይ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ቤተ መጻሕፍት ሴቻ ቢሠራ ለሲቀላ ልጅ የባጃጅ ሒሳብ ነው። አንድ ሜዳ ሲቀላ ቢደለደል የሴቻ ልጅ ወርዶ ቢደርስ እንኳ ሲመለስ ዳገቱ ይጠብቀዋል። “ለከተማው አንድ” የሚለው ዕቅድ እዚህ ሁልጊዜ ለግማሹ ከተማ ብቻ ነው።

ውኃም በዚያው ቁልቁለት ይወርዳል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ መውረጃ ካላገኘ መንገዱን ራሱን መውረጃ ያደርገዋል፤ ኮብልስቶኑን ከሥሩ ቦርቡሮ ድንጋዩን እንደ ላላ ጥርስ ያነቃንቀዋል። (በ1979 በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ባላት ከተማ የጎርፍ ቦይ ተደፍኖ ሳይ ሁሌም ፈገግ ማለቴ አይቀርም፤ ፈገግታው ደስ የሚል ዓይነት አይደለም።)

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የቀን መቁጠሪያው ነገር ነው። የበጀት ዓመታችን ለሸዋ ክረምት የተሰፋ ይመስላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ ወረቀት ይሠራል፣ ዝናቡ ሲያባራ ቁፋሮ ይጀመራል። አርባ ምንጭ ላይ ግን ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው መስከረምና ጥቅምት ይመጣል። ለመንገድ ሥራ የሚመቸው ደረቁ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ሐምሌ የጸደቀ በጀት ዲዛይን እስኪሠራለት፣ ጨረታ እስኪወጣ፣ ቅሬታ እስኪሰማ፣ ውል እስኪፈረም የካቲት ካለፈ ቁፋሮው ከዝናቡ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ይጀመራል፤ ጭቃ ላይ ድንጋይ ይነጠፋል፣ መጋዘን የማያስፈልገው ዕቃ ይገዛል። በየመሥሪያ ቤቱ የሠራችሁ የሰኔን ግዢ ታውቁታላችሁ፤ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ የመንገድ በጀት ሲነሣ “ስንት ኪሎ ሜትር?” የሚለውን ጥያቄ ተዉት። “ውሉ የሚፈረመው በየትኛው ወር ነው? መውረጃዎቹስ ከመጋቢት በፊት ይጠረጋሉ ወይ?” በሉ። ለመንገዱ ዕድሜ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የእነዚህ መልስ ይበልጣል።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌላ ሕመም አለው። የከተማው በጀት ሲነበብ ትምህርት ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ደስ ይላችኋል። ደስታው ግን የሚቆየው ቀጣዩን መስመር እስክታነቡ ነው። የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል የመምህራን ደመወዝ ነው። ደመወዙ መከፈል አለበት፤ ያውም የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያኖር መምህር ያገባ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከደመወዙ በኋላ የሚተርፈው ለጠመኔ፣ ለውኃ፣ ለዴስክ ጥገና፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለቤተ ሙከራ የሚሆነው በጣም ቀጭን ነው። በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የሚላከው ድጎማ ክፍተቱን ትንሽ ይሸፍናል። የቀረው ወደ ወላጅ ይመጣል፤ “በፈቃደኝነት” ተብሎ።

ፈቃደኝነቱ ላይ ነገር አላበዛም። በ2015 የተጀመረው “ትምህርት ለትውልድ” ንቅናቄ በየቦታው ወላጁን አስተባብሮ ክፍል አሠርቷል፣ ጣሪያ አስቀይሯል፤ ጥሩ ነው። ውጤቱ ግን ዓይን ያወጣ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። እነዚህ ልጆች የተፈተኑት በአንድ ሳምንት ነው፤ የወደቁት ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ እያሉ ነው። በእነዚያ ዓመታት በየሐምሌው አንድ ምክር ቤት ተቀምጦ እጅ አውጥቷል።

ሴት ልጅ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትምህርት ቤቷ ውኃ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ከሌለው በየወሩ ጥቂት ቀን ከክፍል ትቀራለች፤ ካልቀረችም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። አርባ ምንጭ ሙቀት ላይ! ይህ በበጀት ጥራዙ ውስጥ የትምህርት ወጪ ነው ወይስ የውኃ? የመጀመሪያው ኪስ ነው ወይስ የሁለተኛው? ቧንቧውን የሚዘረጋውና ክፍሉን የሚያስተዳድረው አካል ሲለያዩ መሃል ላይ የምትቆመው ልጅቱ ናት።

አሁን ወደ ሜዳው እንምጣ። መንገድ ኪስ አለው፣ ትምህርት ቤት ኪስ አለው። ሜዳስ?

ሜዳ በስም የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ በሥራ የስፖርት ጽ/ቤቱ ነው፣ በፕላን የመሬት ልማቱ ነው። ሦስት ባለቤት ያለው ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም። ከዚያም የሚከብድ እንቅፋት አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንገድ የሚሆነውን ገንዘብ በብዛት የሚያገኘው መሬት በሊዝ ሲያስተላልፍ ነው። ክፍት መሬት ደግሞ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ወይ ለጨረታ ይወጣል። ልጆች ሲጫወቱበት በገቢ ሒሳብ ላይ ዜሮ ነው። ለጨረታ ሲወጣ መንገድ ይሆናል። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ሜዳው ቀስ በቀስ ተሸጦ ኮብልስቶን ይሆናል። ከዚያ ልጁ ኮብልስቶኑ ላይ ይጫወታል።

ይህን የሚከለክል ሕግ የለም እንዳትሉ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት እንደሚጸና፣ ሲዘጋጅም ሕዝብ እንደሚወያይበት ይናገራል። በአገር አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው የከተማ መሬት አጠቃቀም መለኪያ ደግሞ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ሠላሳ በመቶ! ከሦስት እርምጃችሁ አንዱ ማለት ይቀረዋል። ሰፈራችሁን ዞር ብላችሁ ቁጠሩት። አርባ ምንጭ ላይ ደኑና ገደሉ ተደምረው ቁጥሩን ሊያሳምሩት ይችላሉ፤ ስለዚህ ሲቆጠር ልጅ የሚደርስበት አረንጓዴ ብቻ ይቆጠር።

ክፍት ቦታ ምን ያህል በቀላሉ ሌላ ነገር እንደሚሆን አዲስ አበቤዎች በጃን ሜዳ አይተውታል። በ2012 ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ለጊዜው ተብሎ ወደዚያ ተዛወረ። ጊዜያዊው ወራት አለፈው፤ ሜዳው ቲማቲምና ጭቃ ሆነ። የጥር 2013 ጥምቀት ሲቃረብ፣ ታቦታቱ የሚያድሩበት ነውና፣ ነዋሪው ጮኸ፤ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ተጸዳ። ጃን ሜዳን ያዳነው ጥምቀት ነው። ጥምቀት የማይከበርበትን የሰፈር ሜዳ ማን ያድነዋል?

“ከተማው ለስፖርት ያወጣል እኮ” ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያወጣል። በስማቸው መጨረሻ ላይ “ከተማ” የሚል ቃል ያለባቸው የእግር ኳስ ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ድጋፍ ነው። አዞዎቹ፣ የእኛው አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲያሸንፉ ሲቀላ የምትሆነውን አውቃለሁ፤ ያን ደስታ ማንም አይንሳን። ግን በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ ለምን ጣራ ማበጀት እንዳስፈለገ አስታውሱ፤ ክለቦቹ የሚሮጡት በሕዝብ ገንዘብ ነበርና። በስፖርት በጀቱ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ስታዲየም ውስጥ ይጫወታል፣ ብዙ ሺህ ልጅ ከአጥር ውጭ ያያል። ለክለቡ የሚወጣውና ለሰፈር ሜዳ የሚወጣው በአንድ መስመር “ስፖርት” ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱ ተለያይተው እንዲነበቡ ጠይቁ። ክለብ መደገፍ የሚቻለው ሒሳቡ ታውቆም ነው።

የኮሪደር ልማቱም አለ። ከአዲስ አበባ በ2016 የተነሣው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች፣ ወደ አርባ ምንጭም መጥቷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫ፣ አበባ ይዞ ይመጣል፤ ማታ ከቤተሰብ ጋር ለመንሸራሸር ይጥማል። ለአያቶች አግዳሚ ወንበር ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ኮሪደር በባሕርዩ ዋናውን መንገድ ይከተላል፤ ሜዳ ደግሞ የሚፈለገው ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ፣ መኪና በሌለበት ጓሮ ነው። አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

እኔ አንድ ርካሽ ሐሳብ አለኝ፤ ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል ብዙ ተሰሚነት የማያገኘው። በየሰፈሩ ሜዳ አለን። አጥር አለው፣ በር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ብዙ ጊዜም ዛፍ አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ይባላል። ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ ይውላል፤ ልጁ በአጥሩ ቀዳዳ ያየዋል። ኒው ዮርክን የሚያህል ሀብታም ከተማ፣ መሬት ሲወደድበት፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ቤት ግቢዎቹን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሰፈሩ ልጆች መክፈት ጀምሯል። እኛ ለመክፈት የሚያስፈልገን የዘበኛ ትርፍ ሰዓት፣ የሁለት ጎል ብረት፣ የአንድ ቧንቧ ውኃና ሰፈሩን የሚያውቅ አንድ ተቆጣጣሪ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ወይም ርዕሰ መምህርቷ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ መስኮት ይሰበራል፣ ችግኝ ይረገጣል፣ ሲሰበር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። እውነታቸውን ነው። ዘበኛው የሚከፈለው ከመጀመሪያው ኪስ፣ ጥቅሙ የሚታየው በሁለተኛው ኪስ ሥራ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ለሚከፈቱት ግቢዎች በዓመት የታወቀ የጥገናና የጥበቃ ገንዘብ በጽሑፍ ይመድብ፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ይቆጣጠር። በሴቻ ሁለት፣ በሲቀላ ሁለት ትምህርት ቤት ተመርጦ ለአንድ ዓመት ይሞከር። ከአንድ መቶ ሜትር ኮብልስቶን የሚበልጥ ገንዘብ ይፈጃል ብዬ አላምንም።

ከዚህም የሚረክስ አለ። ኅዳር 30 ቀን 2011 “መንገድ ለሰው” ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አስፋልቶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለልጆች ተከፍተው ነበር። ጥቂት ገመድና ሁለት ትራፊክ ፖሊስ ነው። በወር አንድ እሑድ ሲቀላ ላይ አንድ ጎዳና እስከ ቀትር ቢዘጋ ማን ይሞታል? ባለ ባጃጆቹ ይቆጣሉ፤ እነሱም ልጆች አሏቸው።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ምክር ቤት ነው ብለናል። ምክር ቤቱን የመረጠው ማነው? የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገራችን የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር። ቀጣዩ በ2010 መሆን ሲገባው ተራዘመ። የ2013ቱ ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮችና ለክልል ምክር ቤቶች እንጂ አርባ ምንጭን ለመሰሉ ከተሞች አልነበረም። ከዚያ ምርጫ በኋላ በመስከረም 2006 አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰችው በ2017 ነው። የትምህርት ዘመኗን በሙሉ ሜዳዋንና መጸዳጃዋን የወሰነው ወንበር በአዲስ የሕዝብ ድምፅ አልታደሰም ማለት ነው። ይህ ፖለቲካ ነው ብላችሁ ገጹን አትገልብጡት፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የጋሞ ሰው ደግሞ የአደባባይ ውሳኔን ከማንም አይማርም። ደጋው ላይ ዱቡሻ አለ። ሕዝብ ተሰብስቦ፣ በምርቃት ጀምሮ፣ ተራ በተራ ተናግሮ፣ እስኪግባባ የሚመክርበት ሜዳ ነው። መስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶችን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት አባቶች ከዚያ ሥርዓት የወጡ ናቸው፤ አገር ሁሉ አይቷቸዋል። ዱቡሻ በአብዛኛው የወንዶች መድረክ መሆኑን አልደብቅም፤ እናቶች በጎን ሆነው የሰሙት ብዙ ነው፤ እሱን የአሁኖቹ አስተካክሉት። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ዱቡሻ የመነጋገሪያ ሥርዓቱም፣ የሚነጋገሩበት ሜዳም ስም ነው። የተከበረ ቦታ ስለሆነ አይታረስም፣ ቤት አይሠራበትም። ደጋው የእርሻ መሬት እየጠበበበትም ሜዳውን አቆይቷል፤ ቆላ ወርደን ከተማ የሠራነው እኛ ነን በካሬ የምንቆርሰው።

እንግዲህ ከሐምሌ በፊት ያሉት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ይናገራል። ለትምህርትና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚመደበው ሀብት እያደገ መሄድ እንዳለበት አንቀጽ 41 ይናገራል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት ያደርገዋል። እነዚህን ጠቅሶ መጮህ ይቻላል፤ እኔ ግን ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ መሥሪያ ቤቱም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ምክንያታችሁን እንኳ መናገር አይጠበቅባችሁም።

የከተማው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ዘንድ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከልጃችሁ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት ሁለት ሰው፣ ከሰፈር እድራችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ በቀበሌያችሁ ለመጫወቻና ለአረንጓዴ የተከለሉት ቦታዎች የት እንደሆኑና ዛሬ ምን እንደተሠራባቸው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ለስፖርትና ለመዝናኛ ከወጣው ገንዘብ ለክለብ የሄደውና ለሰፈር ሜዳ የሄደው ተለይቶ። ሦስተኛ፣ ለልጃችሁ ትምህርት ቤት ከደመወዝ ውጭ የተላከው ገንዘብ መጠን፣ ለምን እንደዋለም ጭምር።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ ሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስደርጋችሁ ወደ ቤት ይዛችሁት ተመለሱ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።